የእነሱም ሟች ሟች ነው

ሰሞኑን ለቅሶ ልደርስ በሄድኩበት ድንኳን አንድ ጎረምሳ ስልኩን ለተቀመጠው ሁሉ እያዞረ «የዛሬ ጠዋት ሰልፍ ነው፤ እዩት እንዴት እንደሚጨፈጭፉን!» ይላል። በቪዲዮው ላይ ሰልፈኛው ጃንጥላ ዘርግቷል፤ አስፋልቱ ጎርፍ ነው። እኛ የጥር ፀሐይ ይለበልበናል። «ልጄ፣ ይህ ዝናብ መቼ የዘነበ ነው?» ያለ አንድ ሰው ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ከንፈራቸውን መጠጡና የአንድን ሕዝብ ስም እየጠሩ ተራገሙ። ያውም በሐዘን ቤት!

ጥፋቱን ሁሉ በቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ላይ ብደፈድፈው ደስ ባለኝ። የእነሱም ኃጢአት ቀላል አይደለም። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ማራቶን ሁለተኛ ሲወጣ እጆቹን ለተቃውሞ ከራሱ በላይ አጣምሮ ገባ። ዓለም ያንን ምስል ሲቀባበለው የገዛ አገሩ የመንግሥት ቴሌቪዥን ግን በድጋሚ ማሳየት ከበደው። ብር ሜዳሊያ ያመጣ ልጅ! መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ ቢሾፍቱ ላይ ለኢሬቻ በዓል የወጣው ሕዝብ አስለቃሽ ጭስ ሲተኮስበት እየተረጋገጠ፣ ጉድጓድ ውስጥ እየወደቀ አለቀ። መንግሥት 55 አለ፤ ተቃዋሚዎች በመቶዎች ቆጠሩ። ብዙም ሳይቆይ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ኢሳትና ኦኤምኤን የተባሉትን ጣቢያዎች ማየት ተከለከለ።

ዛሬ ጣቢያው ስፍር ቁጥር የለውም። ምን ተሻለን? የራስ ወገን ሲሰለፍ ካሜራው ፎቅ ላይ ወጥቶ የሰው ባሕር ያሳየናል፤ የሌላው ሲሰለፍ አንድ የሚቃጠል ጎማ ላይ ተጣብቆ ይውላል። የእኛ ሟች ስም አለው፣ ዕድሜ አለው፣ የምታለቅስ እናት አለችው። የእነሱ ሟች ቁጥር ነው፤ እሱም ከተነገረ!

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ይህን እያየ «አበጁ!» የሚለው ተመልካች ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በሰኔና በተከታዩ ጥቅምት የፈሰሰውን ደም ያጣራው ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዝግቧል። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ 193ቱን የምታነሱ ስለ 6ቱ፣ 6ቱን የምታነሱ ስለ 193ቱ አንድ ቀን ነፍስ ይማር ብላችሁ ታውቃላችሁ? ፖሊሱን ድንጋይ ወለደው? ሰልፈኛውንስ? ስንት ጊዜ ይነገረን፣ የእነሱም ሟች ሟች ነው! ሁዳዴን ጾመን፣ ረመዳንን ጾመን፣ በሰው ልጅ ሬሳ የምናፈጥር ሆንን እኮ!

ወገኖቼ፣ የት ነው፣ መቼ ነው፣ ማን ቀረጸው ሳትሉ አንድም ቪዲዮ አትላኩ። የምትጠሉትንም ጣቢያ ክፈቱና ስሙ፤ ጆሮ አይቆረስም። ጋዜጠኛ የሆንክ ደግሞ ማይክራፎንህን ይዘህ የሁለቱንም ሟቾች ደጅ አንኳኳ። አበልህን የሚከፍልህ ቢቆጣ ይቆጣ።

ስለ ቪዲዮ ካነሳሁ አይቀር ይህችንም ልናገራት፤ በሆዴ ይዣት ብሄድ ታንቀኛለች። ሰው ተመትቶ መሬት ላይ እየተንፈራገጠ፣ ዙሪያውን የከበበው ጎረምሳ ሁሉ ስልኩን ቀስሮ ይቆማል። ቪዲዮ የሚያነሳው አሥር፣ ቁስለኛውን የሚያነሳው አንድም የለም! አንተ ልጅ፣ ያንን ስልክ ኪስህ ክተትና በእግሩ በኩል ያዝ፤ ታክሲ አስቁም፤ ነጠላህን ቀደህ ደሙን እሰርለት። የማን ወገን እንደሆነ ሐኪም ቤት ከደረሰ በኋላ ትጠይቀዋለህ።