ፍም የጨበጠች ልጅ

በአንድ ደጋ መንደር አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ በማለዳ ከቤቷ ወጣች። ቀኝ እጇን ጨብጣለች፤ በመዳፏ ውስጥ የጋለ ፍም አለ። ከጎረቤት እሳት ልትጭር ተልካ ያመጣችው አይደለም። ከገዛ ቤቷ፣ “ለማንም እንዳታሳዪ” ተብላ የተሰጣት ነው። የሰጣትም እንግዳ አልነበረም፤ ማታ ማታ ቆማ እጁን የምታስታጥበው ሰው ነው።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ የኔታ ነበር። የኔታ እጇን አስከፍተው አዩና ደነገጡ። “ይኼስ ለጭቃ ሹሙ የሚነገር ነው” ብለው ላኳት። ጭቃ ሹሙ “እስቲ ክፈቺው” አላት። ከፈተችው። ነፋስ ሲያገኘው ፍሙ ፋመ፤ ቆዳዋም ተላጠ። “እውነትም እሳት ነው” አለና ወደ መድኃኒት አዋቂው ሰደዳት። መድኃኒት አዋቂው ቁስል ሳያይ ቅጠል አይቀጥፍምና “ክፈቺው” አላት። ዳኛው በዓይናቸው ያላዩትን አይፈርዱምና “ክፈቺው” አሏት። ቄሱም ሊጸልዩላት ፈልገው “እስቲ ልጄ፣ ክፈቺውና ልየው” አሏት።

ከእነዚህ ሰዎች ክፉ የሚባል አንድም አልነበረም። ሁሉም አዝነውላታል፤ ጭቃ ሹሙማ የዚያን ዕለት እራት አልወርድለት ብሎ ሚስቱን አስጨንቋት ነበር። ሁሉም የጠየቋት ሥራቸው ስለሆነ ነው። ነገር ግን እጇ በተከፈተ ቁጥር ፍሙ አየር ያገኛል፤ አየር ባገኘ ቁጥር ደግሞ እንደገና ይግላል።

በሦስተኛው ቀን ዳኛው መልሰው አስጠሯት። “ለጭቃ ሹሙ ‘ማታ ነው የተሰጠኝ’ ብለሽ፣ ለእኔ ‘ሊነጋ ሲል ነው’ ያልሽኝ ለምንድን ነው? እውነቱ የትኛው ነው?” ልጅቷ ስለ ሰዓቱ የምታውቀው ነገር የለም፤ የምታውቀው መቃጠሏን ነው። እጇን ጨበጠችና “ምንም የለም፤ ዋሽቼ ነው” አለች። ወደዚያው ቤት ተመለሰች። ሽማግሌዎቹም “ተመስገን፣ ምንም የለም” ተባብለው ተበተኑ።

በዚያ መንደር ዘርፌ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሰዉ ምጣዷን ይገዛል እንጂ ቤቷ ገብቶ ቡና አይጠጣም፤ ለሸንጎም አትጠራም። እሳትን ግን ከመንደርተኛው ሁሉ አብልጣ ታውቃለች። አንድ ቀን ምንጭ ወርዳ ሳለ ልጅቷ እንስራዋን በግራ እጇ ብቻ ልታነሣ ስትታገል አየቻት። ምንም አልጠየቀቻትም። አሸከመቻትና ሽማግሌዎቹ ወደተቀመጡበት ዋርካ በቀጥታ ሄደች።

“ይቺ ልጅ አምስት ደጅ ረግጣለች” አለቻቸው። “አሁን ደግሞ አምስታችሁ አንድ ደጅ ርገጡ።”

ያላጉረመረመ አልነበረም። ዳኛው “ዳኛ ሰው ቤት ሄዶ ነው እንዴ ቃል የሚቀበለው?” አሉ። መድኃኒት አዋቂው ሥራ ሥሩን ተሸክሞ መዞር አልፈለገም። ጭቃ ሹሙ ነገሩ በእሱ በኩል ካላለፈ ሹመቱ የሚረክስ መሰለው። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተከራከሩ። ዘርፌ ቆማ ሰማቻቸውና “የእናንተን ክብር ከእሷ መዳፍ ጋር መዝኑት” ብላ ወደ ቤቷ ገባች። በማግስቱ አምስቱም መጡ።

ቤቱ ተለቅልቆ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞበት ነበር። ለልጅቷ ዝቅ ያለ በርጩማ፣ ከአጠገቡም ውኃ የተሞላ ጣባ ተቀምጧል። አምስቱ ከሸምበቆ ግርዶሽ ጀርባ ተቀመጡ። ዘርፌ ይህን ከልጅቷ አልደበቀችም፤ “እዚያ ሆነው ይሰሙሻል፤ የምታወሪው ግን ከእኔ ጋር ብቻ ነው” አለቻት። “ማን አቃጠለሽ?” አላለቻትም። “አባትሽ ነው?”ም አላለቻትም። “እናንተ ቤት ሲመሽ እንዴት ነው? ከመጀመሪያው ንገሪኝ” አለቻትና ዝም አለች። ልጅቷ ስለ ጥጃቸው አወራች። ቀጥላ ስለ ታናሽ ወንድሟ አወራች። ዘርፌ አላቋረጠቻትም፤ አላቻኮለቻትምም። በመጨረሻ ልጅቷ መዳፏን ከፈተች፤ ዘርፌ ጣባውን ከሥር አቀረበችላት፤ ፍሙም ውኃው ውስጥ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ሥራው የአዋቂዎቹ ሆነ። ዳኛው ሰውየውን ሊያስጠሩ፣ መድኃኒት አዋቂው እጇን ሊያክም፣ ጭቃ ሹሙ እሷና ወንድሟ ያን ሌሊት የት እንደሚያድሩ ሊያስብ፣ የኔታ ከትምህርቷ እንዳትቀር ሊጠብቁ፣ ቄሱ በር ላይ የምታለቅሰውን እናት ሊያጽናኑ ተነሡ። “ክፈቺው” ያላት ሰው ከዚያ ወዲያ አልነበረም።

ነገሩ ሲጣራ ሌላም ወጣ። ሦስት ጎረቤቶች ቀድሞም የሚቃጠል ነገር ሸቷቸው ነበር፤ “እሳቱን በዓይናችን አላየንም” ብለው ዝም ብለዋል። መንደሩም ደንብ አወጣ፦ የሸተተው በዚያው ቀን ይናገር፤ እሳቱን መፈለግ የሸንጎው ሥራ ነው።

ምሳሌው የሚናገረው ስለ አሜሪካዋ የአላባማ ግዛት ነው። በድ ክሬመር የተባሉት የማዲሰን ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ በ1980ዎቹ ያስጨነቃቸው ይኸው ነበር። ጥቃት የደረሰበት ልጅ ያንኑ ታሪክ ለፖሊስ፣ ለሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ፣ ለሐኪም፣ ለዐቃቤ ሕግ ደጋግሞ ይናገራል፤ መሥሪያ ቤቶቹ ግን እርስ በርስ አይነጋገሩም። በ1985 (እ.ኤ.አ.) በሀንትስቪል ከተማ በአንዲት ትንሽ ቤት የመጀመሪያው የሕፃናት ተሟጋች ማዕከል ተከፈተ። በዚህ አሠራር ልጁን የሚያነጋግረው ለዚሁ የሠለጠነ አንድ ባለሙያ ነው፤ ሌሎቹ ከሌላ ክፍል ሆነው ይከታተላሉ፤ ቃሉም ይቀረጻል። ዛሬ አላባማ ግዛቱን የሚያዳርስ የማዕከላት መረብ አላት፤ በመላው አሜሪካ ደግሞ ከ900 በላይ ማዕከላት አሉ። አይስላንድም አሳቡን ወስዳ በ1998 የራሷን የልጆች ቤት ከፍታለች።

የመንደሩ ደንብም እውነተኛ አቻ አለው። ዶክተር ሄንሪ ኬምፕና ባልደረቦቻቸው በ1962 ስለተደበደቡ ሕፃናት የጻፉት ጥናት ሐኪሞችን ካነቃ በኋላ፣ እስከ 1967 ድረስ ሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች በሕፃናት ላይ የሚደርስ ጥቃትን ማሳወቅን የሚያዝዝ ሕግ አወጡ። መምህሩም ሐኪሙም ማስረጃ እስኪሞላላቸው እንዲጠብቁ አይጠየቁም፤ በቂ ጥርጣሬ ካላቸው ማሳወቅ ግዴታቸው ነው። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚከብደው ፍሙ ከመጨበጡ በፊት የሚሠራው ሥራ ነው። አላባማ ማዕከሉ ከመከፈቱ ሁለት ዓመት ቀድማ፣ በ1983፣ ለመከላከል ብቻ የሚውል የሕፃናት አደራ ፈንድ በሕግ አቋቁማለች፤ ገንዘቡ ቤት ለቤት እየሄዱ አዲስ ወላጆችን የሚያግዙ ሰዎችንና የወላጅነት ትምህርትን ይደግፋል። እንዲህ ያለው ሥራ ፎቶ አይነሣም፤ ምረቃም የለውም። በጀት ሲጠብ ቀድሞ እንዳይነካ መከራከር የሚገባን ለዚህ ነው።

አሜሪካ ላለነው ኢትዮጵያውያን ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። “ልጆቼን ይወስዱብኛል” የሚለው ፍርሃትና “ገመናችንን አታውጡ” የሚለው ልማድ ተባብረው የብዙ ልጆችን እጅ ጨብጠው ይዘዋል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም፤ ሥርዓቱ ያለ በቂ ምክንያት የበተናቸው ቤተሰቦች አሉ። ሆኖም ልጅ ወደ ማዕከል ሲጠራ ወላጅን የሚያጽናና፣ የሚቀጥለውን የሚያስረዳ የቤተሰብ ደጋፊ እዚያው ይገኛል። አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። እዚህ ያደጉ ልጆቻችን ባንክ ቤትም ሐኪም ቤትም ያስተረጉሙልናል፤ ለዚህ ጉዳይ ግን የተጎዳችውን ልጅም ሆነ ታላቅ ወንድሟን አስተርጓሚ ማድረግ እንደገና “ክፈቺው” ማለት ነው። ቀጠሮ ለመያዝ ሲደወልላችሁ ባለሙያ አስተርጓሚ እንዲመደብ ያኔውኑ ጠይቁ።