የጎተራው ቁልፍ

ሕግ የጣሰ ሰው በጎ ሥራ ሠራ ሊባል ይችላልን? ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ፈላስፎች ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት ስለ ሕይወትና ስለ ሞት ሲከራከሩ ነው፤ በአዲስ አበባ ግን አንድ ጊዜ በሸክላ ምክንያት ተነሥቷል።

እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማሳተምና ከውጭ የማስመጣት መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። የትእዛዙን መንፈስ በክፉ መመልከት አይገባም። ማኅበሩ በፋሺስት ወረራ ዋዜማ ሕዝብን ለመቀስቀስ የተቋቋመ፣ ለሀገር ዜማ የደከመ ነው። አደራው ተገቢ እጅ ላይ ወደቀ ቢባል ሐሰት አይሆንም። ይሁን እንጂ ዘመን ተለወጠ። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ያፈሯቸው ሙዚቀኞች ሳክስፎንንና ኤሌክትሪክ ጊታርን ከትዝታና ከአንቺ ሆዬ ቅኝት ጋር አዋሕደው በየምሽት ክበቡ ያልተሰማ ድምፅ ሲፈጥሩ፣ ባለ መብቱ ያን ድምፅ በሸክላ ለማስቀረት አልተነሣም። ጎተራው ተቆልፎ ቁልፉ ሰው ኪስ ውስጥ ቀረ፤ እህሉን የሚበላውም የሚሸጠውም ጠፋ።

እ.ኤ.አ. በ1969 የሙዚቃ ቤት ባለቤት የነበረው ወጣት አምሃ እሸቴ በራሱ ስም የሸክላ አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ። የመጀመሪያው ሥራ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። በሀገር ውስጥ ሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ የተቀዳው ድምፅ ወደ ህንድ፣ ኋላም ወደ ሊባኖስና ወደ ግሪክ ይላክ ነበር። በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችና ከአሥር የማያንሱ ትልልቆች ወጡ። በ1974 የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ የታተመውም በዚሁ ድርጅት ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ጥፋተኛ ነውን? ሕግን በሕግ መመርመር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የአእምሮ ሥራ የደራሲው ንብረት ነው ብሎ ነበር። ሥራው የአንተ ነው የተባለ ሙዚቀኛ ሥራውን ወደ ማተሚያ ለማድረስ የሌላውን በር እንዲጠብቅ ከተገደደ፣ ከሁለቱ ሕጎች አንዱ ባዶ ቃል ሆኗል። አምሃ ባዶ የሆነው የትኛው እንደሆነ በገዛ እጁ ወሰነ።

በዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይቀርባል። ሁሉም በየፊናው ይህ ሕግ ሞቷል፣ ያኛው በሕይወት አለ እያለ የሚፈርድ ከሆነ ሕግ ምን ይቀረዋል? ደግሞስ ሰውየው ነጋዴ አልነበረምን? ነጋዴ ነበር። ማትረፍ ግን ሥራውን አያረክሰውም፤ ገበሬም ያተርፋል። ለፊተኛው ጥያቄ መልሱ ከሸክላው ላይ ይገኛል። ኮንትሮባንድ ነጋዴ ምልክቱን ይደብቃል፤ አምሃ ግን ስሙን በሸክላው መካከል አሳተመ። የከፋ ቢመጣ እስር ነው ብሎ እንደገባበት ኋላ ራሱ ተናግሯል። ቅጣቱን ለመቀበል ተዘጋጅቶ በይፋ የጣሰና በጨለማ የሚሰርቅ ሰው አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ቀላል በሆነ ነበር። ቁልፉን የሰበረ ሰው ግን ሳይውል ሳያድር የራሱን ቁልፍ ያበጃል። ሸክላው ከተቀረጸ በኋላ ባለቤቱ ማን ነው? ዘፋኙ? ገንዘቡን ያወጣው? ወይስ እንደ ግርማ በየነ ያለው፣ የብዙዎችን ዘፈን በሙዚቃ አቀናብሮ ራሱ ከአራት ዘፈን ያልበለጠ ያስቀረጸው ሰው? ገዢው የሚያስታውሰው ዘፋኙን ነው፤ ዘፈኑን ያቆመው ግን የአቀናባሪው እጅ ነው። የከዋኞችንና የድምፅ ሪከርዲንግ አሳታሚዎችን መብት ለይቶ የደነገገው አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ ከነዚያ ሙዚቀኞች ብዙዎቹ አርጅተው ወይም አርፈው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1975 አምሃ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። የሰዓት እላፊው የምሽት ክበቡን ዘጋ፤ የሸክላውን ቦታ ካሴት ወሰደው። የድርጅቱ ዘፈኖች በ1990ዎቹ መጨረሻ ፓሪስ ላይ በኢትዮፒክስ ተከታታይ እትም ዳግመኛ እስኪወጡ ድረስ ሃያ ዓመት ያህል ከገበያ ራቁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የአዲስ አበባ ሰው አርፎ አልተቀመጠም። ያረጀ ሸክላ ያለው ካሴት ላይ ይገለብጥ፣ የተገለበጠው እንደገና ይገለበጥ ነበር። ገልባጩ ማንንም አላስፈቀደም፤ ጎተራው ተቆልፎበት ነበርና። ይሁን እንጂ ካሴቱ ላይ የዘፋኙን ስም በእስክሪብቶ ሲጽፍ የራሱን አልጻፈም።