ገዳይ ሆኖ የሚወለድ የለም



ሰው ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ይወለዳል ወይስ አስተዳደጉ ያደርገዋል? ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ሁሉ በፊጥራ፣ በንጹሕ ተፈጥሮ እንደሚወለድ አስተምረውናል። ቃቢልና ሃቢል ግን የአንድ ቤት ልጆች ሆነው አንዱ ገደለ፤ ስለዚህ "አስተዳደጌ ነው" ብሎ ማምለጥም የለም።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን፣ 99 ነፍስ ያጠፋውን ሰው አስታውሱ። "ተውባ የለህም" ያለውን መነኩሴ ገድሎ 100 ሞላ። ዓሊሙ ግን የተውባ በር ክፍት መሆኑን ነገረው፤ አገሩ ክፉ ነውና ለቆ ደጋጎች ዘንድ እንዲሄድም አዘዘው። መንገድ ላይ ሞተ፤ የእዝነት መላእክት ተቀበሉት።

በእኛ በጎጃም፣ ደብረ ኤልያስም ቢሆን፣ ሕፃን "የአባትህን ደም መልስ" እየተባለ ካደገ ክፉው አገር ያ ቤት ነው። ወንድሜ፣ ሽማግሌ ሲመጣ እሺ በል። እህቴ፣ ለልጅሽ ጀግንነት ይቅርታ መሆኑን ንገሪው።

አላህ ልባችንን ከቂም ያጽዳልን። አሚን።