ልጄ፣ ከመጎተቱ በፊት ማቆሙን

ልጄ፣ ከወዳደቀ ብረትና ከአሮጌ ብስክሌት ተጎታች ጋሪ ልትሠራ መነሣትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ኮሮና በ2012 ጎብኚውን ካስቀረው፣ የሰሜኑ ጦርነትም በ2013 ክረምት ላሊበላ ከገባ ወዲህ ስንቱ ወጣት እጁን አጣጥፎ ሲውል ማየት አንጀቴን ይበላዋል። አንተ ሌላው የጣለውን አንሥተህ እንጀራ ልታደርገው አሰብህ፤ ተባረክ። የመርካቶዎቹ የምናለሽ ተራ ባለእጆችም የሚኖሩት እንዲሁ የተጣለውን ቀጥቅጠው መልሰው እየሸጡ ነው።

ነገር ግን አገርህን እወቅ። ባሕር ዳር ሜዳ ነው፣ ብስክሌት እንዳሻው ይሄዳል። የእኛ ላሊበላ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ናት። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለዳገቱ ነው። በዳገት ጉልበት ቢከዳህ ወርዶ መግፋት አለ፤ የሚገድለው ቁልቁለቱ ነው። ባለ20 ሊትር ጀሪካን አራት ብትጭን ውሃው ብቻ 80 ኪሎ ነው። በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር በሚወርድ መንገድ ላይ ይህ ውሃ 8 ኪሎ በሚያህል ኃይል ከኋላ ይገፋሃል። ፍጥነትህ እጥፍ ከሆነ ደግሞ ለመቆም የሚበቃህ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ ቀድመህ ፍሬኑን አሰናዳ። ሳጥኑን አሳምሮ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ፍሬኑን ለኋላ የሚያቆይ ሰው ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የፊቱም የኋላውም ፍሬን ይያዝ፤ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ቸርኬ የሚይዘው የፍሬን ላስቲክ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ጭነህ ቁልቁለት ከመጣ ከብስክሌቱ ውረድና እየያዝህ አውርደው።

ቀጥሎ የጋሪውና የብስክሌቱ መጋጠሚያ ነው። ከኮርቻው ሥር አታስረው፤ ከፍ ብሎ ሲጎተት ብስክሌቱን ያንገዳግደዋል። ከኋላው ጎማ መሐል ብሎን አጠገብ ዝቅ አድርገህ ያዘው። እንዲተጣጠፍ ጠንካራ ሞላ ወይም የመኪና ጎማ ቁራጭ አግባበት፤ እሱ ቢበጠስ ጋሪው እንዳያመልጥ በጎኑ ሰንሰለት ጨምር። ለዛሬ በሽቦ ልጠምጥመው አትበል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ለጋሪው የምትገጥመው የብስክሌት ጎማ የተበጀው በሁለት በኩል ተይዞ እንዲሠራ ነው። በአንድ ጎን ብታንጠለጥለው ጭነት ሲበዛበት መሐል ብሎኑ ይጎብጣል፤ ከግራም ከቀኝም ቱቦላሬ ይያዘው። ጭነቱ ዝቅ ብሎ ከጎማዎቹ ጥቂት ወደ ፊት ይቀመጥ፤ ከአሥር አንዱ ያህል ክብደት መጋጠሚያው ላይ ይረፍ። ወደ ኋላ ከከበደ የብስክሌቱን የኋላ ጎማ እያነሣ ያወላውልሃል።

ብየዳ ላይ ሳለህ ለራስህ እዘን። ዚንክ የተቀባ ቱቦ ሲበየድ ጭሱ ትኩሳት ያስይዛል፤ ቀድመህ ዚንኩን ፋቀው፣ ውጭ አየር ላይም ሥራ። ለሳጥኑ በርሜል ብትቆርጥም፣ የቤንዚን በርሜል ባዶ ነው ብለህ እሳት አታስጠጋበት፤ ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል። ጸረ ተባይ በነበረበት ዕቃም እህል አትጫን።

አባቶቻችን ቤተ ጊዮርጊስን ከአንድ ዓለት ሲፈለፍሉ፣ አንዴ የተነሣ ድንጋይ አይመለስምና አስበው ነበር የሚጠርቡት። አንተ ዕድለኛ ነህ፤ ብረት ቢበላሽ ተቆርጦ ይቀጠላል። ሰው ግን አይቀጠልም። መጀመሪያ በባዶው ንዳው፣ ከዚያ አንድ ጀሪካን፣ ከዚያ ሁለት፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት ብየዳውን በእጅህ እየዳሰስህ እይ። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካገኘህ ያን ቀን አትጫን፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በቅዳሜ ገበያ መሐል፣ ምእመናን ለታኅሣሥ 29 በሚጎርፉበትም ሰሞን አትንዳ፤ በእጅህ ያዝና ግፋ። እናቶችና ሕፃናት ባሉበት የሚቸኩል ጭነት የለም።

በል፣ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፤ ያሰብኸውን ከግብ፣ የጫንኸውን ከደጅ ያድርስልህ።