አቧራውን ተወው

ልጄ፣ ትናንት መኪናህን ጳውሎስ ሆስፒታል አጥር ሥር ቆማ አየኋት። አንድ ልጅ በደረቅ ጨርቅ ኮፈኗን ክብ ክብ እያደረገ ይወለውላል፤ አንተ ስልክህ ላይ አቀርቅረሃል። ተሻግሬ ላስቆመው ፈልጌ ነበር፤ ሲኖትራኩ ተሰልፎ መንገዱ አላሳልፍ አለኝ። እስክደርስ ልጁ ጨርሶ፣ ሃምሳ ብሩን ተቀብሎ ሄዷል። አንተም መኪናህ ስላብረቀረቀች ደስ ብሎህ ተነሳህ። እኔ ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ሠላሳ ዓመት ከቀለም ጋር እንደኖርኩ ታውቃለህ። በቮልስና በላዳ ዘመን ቀለሙ ወፍራም ነበር፤ ቮልስን ዕድሜ ልኳን ብትወለውላት ችላ ትኖራለች። የዛሬው መኪና ቀለም ግን ከላሜራው ጀምሮ ያለው ሁሉ ተደምሮ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው። ከላይ ያለው ክሊር፣ ያ ብርጭቆ መሳይ ሽፋን፣ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው። ከራስህ ላይ አንድ ፀጉር ንቀል፤ ወደ 70 ማይክሮን ይወፍራል። የመኪናህ ጌጥ ሁሉ ከዚያች ፀጉር የሳሳ ነው።

በዚያ ላይ ለስላሳነቱ ይጨመራል። የጃፓን ቀለም በአብዛኛው ከጀርመኑ ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ይህን በእጄ አውቀዋለሁ። በተለይ ቶዮታ በቁጥር 202 የሚጠራው ጥቁር በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎችን ያማረረ ቀለም ነው። የሹፌሩን በር ከፍተህ ምሰሶው ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር ያለችውን ጽሑፍ እያት። 202 ካለች እግዜር ይርዳህ። ለስላሳ ማለት ግን ርካሽ ማለት አይደለም፤ ጭረት ቶሎ ይቀበላል፣ ፖሊሽ ሲነካውም ቶሎ ይለቃል።

አባቴ የዊንጌት ትምህርት ቤት በ1930ዎቹ መጨረሻ ሲከፈት የሰፈራችን መንገድ አቧራ ብቻ እንደነበር ያወራ ነበር። አስፋልቱ መጣ፣ አቧራው አልሄደም። ዱቄት መስሎህ ከሆነም ተሳስተሃል። እንጦጦ ጥንት እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ነው። ከሱ የሚወርደው አፈር፣ ወደ አስኮና ወደ ቡራዩ የሚመላለሰው ሲኖትራክ የሚያንጠባጥበው አሸዋና ጠጠር፣ አብዛኛው የዚያው ድንጋይ ልጅ ነው። በእንዲህ ያለ ድንጋይ ውስጥ የሚገኘው ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን ብርጭቆ ይጭራል። ብርጭቆ የሚጭር ነገር ክሊርህን ምን እንደሚያደርገው አንተው አስላ።

ሆኖም ስማኝ። ያ አቧራ ኮፈንህ ላይ ወር ቢቀመጥ አንዲት መስመር አያሰምርም። የሚያሰምረው ከላይ የሚጫነው እጅ ነው። ደረቅ ጨርቅ አቧራውን ይዞት ይዞራል፤ ሁለት ጊዜ ካዞሩት በኋላ ጨርቅ መሆኑ ቀርቶ የብርጭቆ ወረቀት ሆኗል።

ማታ የስልክህን መብራት ኮፈኑ ላይ አብራ። መብራቱን የከበበ የሸረሪት ድር ታያለህ። ብዙ ሰው ልጁ እጁን ስላዞረ ክብ ሆነ ይላል። እንዲያ አይደለም፤ ጭረቶቹ በየአቅጣጫው የተጋደሙ ናቸው፣ ብርሃኑን ወደ ዓይንህ የሚመልሱት ግን መብራቱን ዙሪያውን የሚከቡት ብቻ ናቸው። መብራቱን ብታንቀሳቅሰው ድሩም አብሮ ይሄዳል። ነጭ መኪና ላይም ይኸው ድር አለ፤ ነጭ ይሸፍናል። ጥቁር ምስጢር አይቋጥርም።

ይህን ከመጽሐፍ ያገኘሁት እንዳይመስልህ። ወጣት ሳለሁ እሠራበት በነበረው ጋራዥ አንዲት ጥቁር መኪና ቀብተን ጨረስን። ግቢ ውስጥ ጥቂት ቀን ከርማ ባለቤቷ ሊረከቧት ሲመጡ፣ እንድታምርላቸው ብዬ በሸሚዜ እጅጌ ጠረግኩላቸው። አመስግነውኝ ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ላይ አቁመው አስጠሩኝ። እጅጌዬ ያለፈበት መንገድ ከኮፈኑ እስከ ፓራፋንጎው ተሰምሯል። እንደገና ወለወልኩ፣ ከደመወዜም ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ሰው ደረቅ መኪና ሲጠርግ ሳይ ጥርሴን ያመኛል።

ለዚያ ልጅ ብሩን አትንፈገው፤ እንጀራው ነው። ጨርቁን ይዞ ገና ሲመጣ «ወንድሜ፣ ሳትነካት ጠብቅልኝ» ብለህ ሃምሳዋን ስጠው። መጀመሪያ ግራ ይገባዋል፣ ይስቅብህም ይሆናል። እኔ እንዲህ ያስለመድኩት አንድ ልጅ ዛሬ ሰው አሮጊቷን ኮሮላዬን ሊደገፋት ሲል «ጋሼ አይወዱም!» እያለ ይቆጣልኛል። ደግሞም ልክ ነው፤ የቀበቶ ዘለበትና የጃኬት ዚፕ ከጨርቁ የባሱ ናቸው።

መታጠብ ሲገባት ትታጠባለች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁለት ባልዲና ሁለት ጀሪካን ይበቃሃል። መጀመሪያ ምንም ሳትነካት ከጣራዋ ጀምረህ አፍስስባት። አቧራው ረጥቦ እንዲለቅ ጥቂት ጠብቅና ድገመው። ይህን ሥራ ክረምቱ በነፃ ይሠራልሃል፤ ሐምሌ ላይ ከባድ ዝናብ እንዳባራ ማጠብን የመሰለ የለም። ሰው ግን ዝናብ ሲገባ ማጠብ ይተውና ጥር ላይ በደረቁ ይፈትጋል።

ከባልዲዎቹ አንዱ የሳሙናው፣ አንዱ የንጹሑ ውሃ ነው። አንድ በር ያጠብክበትን ጨርቅ እንዳለ ወደ ሳሙናው እንዳትመልሰው፤ መጀመሪያ በንጹሑ አለቅልቀህ ጭመቀው። ስትጨርስ የዚያን ባልዲ ሥር እየው፤ መኪናህ ላይ ልትጎትተው የነበረው አሸዋ እዚያ ዘቅጦ ታገኘዋለህ። ከላይ ወደ ታች ውረድ። የስፖርቴሎው ታችና ፓራውልቱ መጨረሻ ላይ ይሁኑ፤ ጭቃው እዚያ ነው። እጅህን ቀጥ ባለ መስመር አስኪደው፣ አትጫን፤ የሕፃን ፊት የምታጥብ ያህል። ቸርኬ የራሱ ጨርቅ ይኑረው፤ ከፍሬኑ የሚወጣው ብናኝ ብረት አለበት። ላቫጆ ከወሰድካትም ቸርኬ ያሸ ስፖንጅ ወደ ኮፈን እንዳይወጣ ቆመህ ተመልከት። ይሉኝታ አይያዝህ።

ኦሞ አታስጠጋት። ያልሟሟው ቅንጣት ይጭራል፣ የሟሟው ደግሞ ዋክሱን ገፎ ይሄዳል። የመኪና ሻምፖ ግዛ፤ አንድ ጠርሙስ ወራት ያደርስሃል። ጨርቁ ማይክሮፋይበር የሚሉት ፀጉራሙ ይሁን፣ ጠርዙ ላይ የተሰፋችውን ምልክት ቆርጠህ ጣላት። መሬት የወደቀ ጨርቅ ለዚያ ቀን አለቀለት፤ አራግፌዋለሁ ብትለኝ አልሰማህም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ጨርስ። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ላሜራውን ያግላል፣ ውሃው ሳትደርስበት ደርቆ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል፣ የጉድጓድ ውሃ ከሆነማ ይብሳል። ስታደርቃትም ጨርቁን ዘርግተህ አንጥፈውና አንሳው እንጂ አትፈትጋት።

ሸራ አልብሻት አድራለሁ ማለትህን ሰምቻለሁ። ታጥባ ከሆነ መልካም። አቧራዋን እንደያዘች ከሆነ ግን ያ ልጅ በአምስት ደቂቃ የሚያደርገውን ነፋሱ ሌሊቱን ሙሉ በሸራው ያደርግልሃል።

ከአቧራ ሕጌ የወፍ ኩስን አወጣለሁ። እሱ ክሊሩን ስለሚበላው አይውል አይደር። የራሰ ሶፍት አልብሰው፣ ሲለሰልስ አንሳው፣ አትፋቀው።

አሁን ያለውን ድርስ ትለኝ ይሆናል። ጥፍርህን ጭረቱን አቋርጠህ አሳልፈው። ከያዘህ ጠልቋል፣ ፖሊሽ ሙሉ በሙሉ አያወጣውም። ካልያዘህ ደህና እጅ ያለው ሰው ያወጣልሃል። ነገር ግን ፖሊሽ ጭረት አይሞላም፤ በዙሪያው ያለውን ክሊር ልጦ ከጭረቱ እኩል ያደርገዋል። በየዙሩ ጥቂት ማይክሮን ይሄዳል፣ ሄዶም አይመለስም። የሳሳውን ክሊር ፀሐዩ ያነሳዋል፤ በየመንገዱ የምታያቸው ጣራቸው እንደ ለምጽ የነጣ መኪኖች አንዳንዶቹ ከመወልወል ብዛት እዚያ የደረሱ ናቸው። ለየበዓሉ ፖሊሽ የሚያስደርግ ሰው አውቃለሁ፤ መኪናውን ይወዳታል፣ እየበላት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ታግዷል፤ ያለችህን እንደ ድሮው በቀላሉ የምትተካት አይምሰልህ።

ዋክስ ቀጫጭኑን ጭረት ለጊዜው ይደብቅልሃል፣ ጥሩ ነው፣ አድርግላት። ሴራሚክ የሚሸጥልህ ሰው «ከእንግዲህ አትጫርም» ካለህ ግን ተጠንቀቅ። ጭቃ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፣ ማጠቡን ያቀላል፤ የእንጦጦን አሸዋ አይመልስም። እሱን በተሻለ የሚከላከለው ላዩ ላይ የሚለጠፈው ወፍራም ግልጽ ፊልም ነው፣ ዋጋውን ስትሰማ ግን ወንበር ይዘህ ስማ።

ቅዳሜ ጠዋት ውሃ እኛ ጋ ይመጣል። 1 ሰዓት ላይ ባልዲዎችህን ይዘህ ና፤ ጨርቅና ሻምፖ እኔ ዘንድ አለ። ድሩንም አብረን እናየዋለን። እስከ ቅዳሜ ግን አደራህን፣ አትንካት።