የማማው ልጆች

አንድ ባለጠጋ ከኮረብታ አናት ላይ ይኖር ነበር። ከግርጌው ሦስት መንደሮች አሉ፤ ቋንቋቸው ለየቅል ነው። ባለጠጋው «ስሜን የሚያነሡትም የሚጥሉትም ሌሎች ናቸው፤ ለምን በገዛ አፌ አልናገርም?» ብሎ ረጅም ማማ አሠራ። የመንደሮቹን ቋንቋ አቀላጥፈው የሚናገሩ ሦስት ወጣቶችም ቀጥሮ አወጣበት።

ልጆቹ ሥራቸውን ያውቁ ነበር። ማለዳ የጨውና የእህል ዋጋ ይናገራሉ፤ ወንዝ ሲሞላ ያስጠነቅቃሉ። ጭቃ ሹሞቹ የሚደብቁትን ጉድ ሲያወጡማ ሰዉ ሥራ ፈትቶ ይሰማቸው ነበር። ከሚናገሩት አብዛኛው እውነት ነበር።

አንድ ሌሊት ከኮረብታው ሥር ያለች የደሃ ገበሬ ጎጆ ነደደች። ችቦ ይዘው የተመለሱት የባለጠጋው ሎሌዎች ናቸው። የሚቃጠል ጤፍ ሽታ በነፋስ ወርዶ በየደጁ ገባ። ሰዉ ጋቢውን እንደተከናነበ ወጥቶ ወደ ማማው አንጋጠጠ። «ጌታችን እሾህ እያስመነጠሩ ነው» የሚል ድምፅ መጣ፤ በሦስቱም ቋንቋ፣ ጥርት ብሎ።

አንዷ ልጅ ግን መለከቷን አስቀመጠች። «የነደደው ጎጆ ነው። ከእንግዲህ እዚህ አልቆምም» ብላ መሰላሉን ወረደች። በእግሯ ሌላ ተተካ።

በማግስቱ ማማው እንደወትሮው የጨው ዋጋ ተናገረ። ዋጋው ልክ ነበር። አንዲት አሮጊት ግን ምርኩዛቸውን አንሥተው፣ ራሳቸው ሊጠይቁ ገበያ ወረዱ። በአንደኛው መንደር ሽማግሌዎቹ ማማው በተናገረ ቁጥር ከበሮ እንዲመታ አዘዙ፤ ወጣቶቹም «ውሸቱን እኛው መለየት ያቅተናል?» ብለው አጉረመረሙ።

ማማው በእኔ ልብ አር ቲ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። የሩሲያ መንግሥት ገንዘብ መድቦለት እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝኛ ጀመረ፤ በ2007 አረብኛ፣ በ2009 ስፓኒሽ ጨመረ። ክሪሚያ በተያዘች ሰሞን፣ በማርች 2014፣ የጣቢያው አሜሪካዊት ዜና አቅራቢ ሊዝ ዋል በቀጥታ ሥርጭት ላይ ሥራዋን መልቀቋን ተናገረች። በ2022 ዩክሬን ስትወረር ደግሞ የሩሲያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የአገሩን መገናኛ ብዙኃን «ጦርነት» እና «ወረራ» የሚሉትን ቃላት እንዳይጠቀሙ ከለከለ፤ የወረራው ስም «ልዩ ወታደራዊ ዘመቻ» ሆነ። ቀናት ሳይቆዩ የአውሮፓ ኅብረት ጣቢያውን አገደ። በከበሮው ነገር እኔ ከወጣቶቹ ጋር ነኝ። ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን የጨው ዋጋው ነው፤ ልክ ሆኖ ሳለ አማኝ ማጣቱ።

ማማ የሠራ ሁሉ እንዲህ አላደረገም። እ.ኤ.አ. በ1956 ብሪታንያ በስዊዝ ቦይ ሰበብ ግብፅን ስትወጋ፣ ለውጭ አድማጮች የሚያሰራጨው የቢቢሲ ክፍል ወጪ የሚሸፈነው በመንግሥት ነበር። ሆኖም የተቃዋሚው መሪ ሂዩ ጌትስኬል ጦርነቱን ያወገዘበት ንግግር ከቢቢሲ ተሰማ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አንተኒ ኤደን ክፉኛ ተቆጡ።

ይህን የማነሣው ኢቢሲም በእንግሊዝኛና በአረብኛ ስለሚናገር ነው። ስለ ዓባይ ግድብ ለካርቱምና ለካይሮ ሰው በገዛ ቋንቋው ሊነገረው ይገባል ባይ ነኝ። ግን ያ ሰው የእኛ ጎጆ ሲነድ ከእኛው አፍ ካልሰማ፣ ስለ ውሃው የምንነግረውን ሐቅ በምን ይመነው?

ጎረቤቴ ቅዳሜ ዕለት ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ዲሹን በመፍቻ ሲያስተካክል ልጁ ከሳሎን «መጣ! ኧረ ጠፋ! ትንሽ ወደ ግራ!» ይለዋል። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው ያለው፤ ዲሹ ጥቂት ከተዛነፈ ምስሉ ይጠፋል። ወርዶ እጁን ታጠበና ሪሞቱን አነሣ። ፍራንስ 24ን ከፍቶ ስለ ፈረንሳይ፣ አልጀዚራን ከፍቶ ስለ ኳታር፣ አር ቲን ከፍቶ ስለ ሩሲያ የሚሉትን ጠበቀ። የሌላውን አገር ዜና ያዳመጠው ከዚያ በኋላ ነው።