ታቦታቱ ከገቡ በኋላ የቀረው ሜዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በጥምቀት በዓል የእኛ የወጣቶቹ አገልግሎት ምን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከዋዜማው ጀምረን ጎዳናውን እንጠርጋለን፤ ቄጠማ እንጎዘጉዛለን፤ ታቦታቱ በሚያልፉበት መንገድ ምንጣፍ እያነጠፍን፣ እያነሣንና ወደ ፊት እየሮጥን እስከ ጥምቀተ ባሕሩ እናደርሳለን። ይህን ሁሉ የምናደርገው ማንም አስገድዶን ሳይሆን በፍቅር ነው።

ባለፈው ጥምቀት ግን ታቦታቱ ወደ መንበራቸው በተመለሱ ማግስት፣ የቀረውን ምንጣፍ ልናመጣ ወደ ሜዳው ሄድን። ሜዳው በሃይላንድ ፕላስቲክ፣ በፌስታልና በሸንኮራ ልጣጭ ተሸፍኖ ነበር። በመካከሉም አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ጎንበስ ብለው ፕላስቲኩን እየለቀሙ በማዳበሪያ ከረጢት ይሞላሉ። ልናግዛቸው ብንጠጋ ቀና አሉና፣ «ልጆቼ፣ መንገዱን ስትጠርጉ አይቼ መርቄያችሁ ነበር። ይህንንስ ማን ይጥረገው?» አሉን። መልስ አጣን፤ ከተጣለው መካከል እኛ የጠጣንበትም ነበረና።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈን የእኒህ እናት ጥያቄ ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 15 እንደምንረዳው፣ አዳም በገነት የኖረው ፍሬዋን ሊበላ ብቻ አልነበረም፤ እንዲሠራባትና እንዲንከባከባትም አደራ ተሰጥቶት ነበር። የዕፀ በለስ ትእዛዝ የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ በቁጥር 16 እና 17 ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ከክልከላው አስቀድሞ አደራው ነበረ። ጌታችንም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፣ በ5 እንጀራና በ2 ዓሣ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ የተረፈውን ቁርስራሽ አስለቅሟል፤ 12 መሶብም ሞልቷል። እንጀራ ማበርከት የሚችለው ጌታ ትራፊ እንዳይባክን ካዘዘ፣ አንዲት ጣሳ ውኃ እንኳ ማበርከት የማንችለው እኛ ለማባከን ምን መብት አለን?

አባቶቻችን ይህን አደራ ጠብቀዋል። በደቡብ ጎንደር ብንሄድ ዙሪያው ሁሉ ታርሶና ተራቁቶ ሳለ፣ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው ቆሞ እናያለን። እነዚህን ደኖች ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው፣ ከብት ገብቶ ችግኙን እንዳይበላው በአንዳንዶቹ ዙሪያ የድንጋይ አጥር እንዲሠራ አድርገዋል። ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬው ማሳ ነው። ስለዚህ ደኑ ሲታጠር ማሳውም ለእርሻ ተመቸ።

በዕለት ኑሯችንም እንዲሁ ነው፤ ለምድሪቱ የምናደርገው ጥበቃ ተመልሶ ለራሳችን ጤና ይሆናል። ከእጃችን የማይርቁ አራት ነገሮችን እንመልከት።

1ኛ. ፌስታልና ጠርሙስ። ፌስታሉን በሬውና ፍየሉ ውጠውት ይሞታሉ፤ ቱቦውን ይደፍንና ክረምት ሲገባ ጎርፉን ወደ ቤታችን ይመልሰዋል። ብናቃጥለው ጭሱ የሚገባው ወደ ራሳችን ሳንባ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስሱን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። እኛ ግን ቅጣት ፈርተን ሳይሆን አደራውን አስበን፣ እናቶቻችን ወደ ገበያ ይዘውት የሚወጡትን ዘንቢል እንያዝ።

2ኛ. እግራችን። የዓለም የጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ ለአዋቂዎች ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። ወደ ጉባኤ ስንመጣ አንድ ሁለት ፌርማታ ቀደም ብለን ወርደን ብንሄድ፣ ሰውነታችን ይበረታል፤ የታክሲውም ገንዘብ ይተርፈናል፤ መዝሙሩንም በልባችን እያጠናን እንደርሳለን።

3ኛ. ከሰል። እያንዳንዱ ማዳበሪያ ከሰል ትናንት ቆሞ የነበረ ዛፍ ነው። ባቄላውንና ሽምብራውን አዳር ዘፍዝፎ፣ ድስቱን ከድኖ ማብሰል ብዙ ከሰል ያተርፋል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ ግን ሞት ነው። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። በተለይ በብርድ ወራት ምድጃውን ከመኝታ ክፍል እናውጣ፤ ለታናናሾቻችንም ይህንኑ እንንገራቸው።

4ኛ. ውኃና ችግኝ። በሴኮንድ አንድ ጊዜ የሚንጠባጠብ ቧንቧ በቀን 86,400 ጠብታ ያፈስሳል። ከሥሩ ባልዲ ብናስቀምጥ የባከነውን በዓይናችን እናያለን። ችግኝስ? በክረምት ተሰልፈን እንተክላለን፣ ፎቶግራፍም እንነሣለን፤ በጥርና በየካቲት ፀሐይ ሲደርቅ ግን ማን ያየዋል? እህል የታጠበበትን ውኃ ይዘን ብንወጣ ለአንድ ችግኝ ይበቃዋል። ብዙ ተክሎ ከመርሳት አንዲት ወይራ አሳድጎ ለጥላ ማብቃት ይሻላል።

ምናልባት «ይህ ሁሉ ለእኛ ይከብደናል» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጾም የለመደ ሰው «ይበቃኛል» ማለትን ያውቅበታል። ሥጋና ቅቤ ፊታችን ቀርቦ ለእግዚአብሔር ብለን የምንተው ሰዎች፣ አንዲት ፌስታል መተው እንዴት ያቅተናል? ጾማችን ከማዕዱ አልፎ ወደ ገበያው፣ ወደ ምድጃውና ወደ ቧንቧው ይግባ።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በመጪው ጥምቀት ከምንጣፉ ጋር ባዶ ማዳበሪያም ይዘን እንውጣ። የምንጠጣውን ውኃ በጀሪካን አድርገን፣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ኩባያ እንያዝ። ታቦታቱን በዝማሬ ከሸኘን በኋላም ተራ የወጣላቸው ወንድሞችና እኅቶች ወደ ሜዳው ይመለሱ። ያን ጊዜ እኒያን እናት ብናገኛቸው ማዳበሪያውን ከትከሻቸው ተቀብለን፣ «እኛ እንጥረገው» እንበላቸው። እስከዚያው ግን ከየራሳችን ደጃፍ እንጀምር።

ምድርን በአደራ የሰጠን አምላክ፣ አደራውን ለመጠበቅ ልቡናና ጤና ይስጠን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።